የኔታ ያልጠጡት ውኃ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለእናቴ አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴንማ ከሁሉም አብልጬ ደብቄያቸዋለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ትሰሙታላችሁ። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ እናገራለሁ። ፍቱኝ አልላችሁም፤ መፍታት የእናንተ ሥልጣን አይደለም። እስከ መጨረሻው ስሙኝ፤ ሌላ አልጠይቃችሁም።

ጤና መኮንን ነኝ። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ እሠራለሁ። የተወለድኩት ግን ታች ጋይንት ነው፤ ከአርብ ገበያ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። አባቴ በልጅነቴ ስለ ሞተ ያሳደጉኝ የእናቴ ወንድም ናቸው። መነኩሴ ነበሩ፤ እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው፣ ተመርቀው፣ በደብራችን ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ ነበር። አጎቴ ብያቸው አላውቅም። እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነበር የምላቸው። እኔንም ዜማ አስጀምረውኝ ነበር፤ ድምፄ እንቢ አለ። «አንተ ልጅ፣ ድምፅህ የተሰነጠቀ ቅል ነው፤ ሂድና ዘመናዊውን ተማር» ብለው እየሳቁ አስኳላ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ዛሬ የምለብሰውን ነጭ ጋውን ያለበሱኝ የኔታ ናቸው ማለት ነው። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት ያደረግኩትን በማን ላይ እንዳደረግኩት እንድታውቁ ነው።

ሕመማቸው የጀመረው በአቀበት ነው። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለችውን አጭር ዳገት ሦስት ጊዜ እያረፉ መውጣት ጀመሩ። «ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ይመስለኛል» አሉኝ። ደብረ ታቦር ወሰድኳቸው፤ ከዚያ ሪፈር ተጽፎልን ወደ አንድ ትልቅ ከተማ ሆስፒታል ሄድን። የልባቸው የደም ሥር መጥበብ አለመጥበቡ በአንጂዮግራም መታየት አለበት ተባለ። የደረሰን ቀጠሮ ጸሎተ ሐሙስ ሆነ።

«ቀኑን ለውጥልኝ» አሉ የኔታ።

«ይህ ካመለጠን ስንት ወር እንደምንጠብቅ እግዚአብሔር ይወቅ» አልኳቸው።

«ልብ የእግዚአብሔር ማደሪያ ናት። ሽቦ ይግባባት ነው የምትለኝ?»

«ማደሪያውስ ቢሆን ጣሪያው ሲያፈስ ይጠገን የለም እንዴ፣ የኔታ?»

ሳቁ። ስለ ሳቁ ያሸነፍኩ መሰለኝ። ሰሙነ ሕማማትን ሆስፒታል እንዲያሳልፉ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ይህ ግን ኃጢአት ነው አልልም። ኃጢአቱ ገና አልመጣም።

ምርመራው ራሱ መልካም ሆነ። በብሽሽታቸው በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ልባቸው ተላከ፤ በቱቦው ውስጥ ቀለም ተረጨ፤ ሥሮቹ በስክሪን ታዩ። የኔታም ተኝተው አዩት። ኋላ «የዋርካ ሥር ይመስላል፤ እኔ ልብ ሥር እንዳለው አላውቅም ነበር» አሉኝ። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ጥሩ ሴት። ውጤቱን የነገረችኝ ደስ ብሏት ነው። ሥሮቹ ያን ያህል አልጠበቡም፤ በሚዋጥ መድኃኒት ይታከማሉ። የተወጋው ቦታ ትንሽ ስላበጠ ግን እስከ እሑድ እዚያው ይቆዩ አለች። ከዚያም አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ። ቀለሙ የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ሰውዬው በዕድሜ ገፍተዋል፤ ሁለት ወር ሙሉም ጾመዋል፤ ስለዚህ ውኃ በብዛት መጠጣት አለባቸው። እኔ ይህን አውቀዋለሁ። ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። አላወቅኩም ነበር ልላችሁ አልችልም።

ሲስተሯ የሚጠጡትና የሚሸኑት የሚመዘገብበትን ወረቀት ይዛ መጣች። ጤና መኮንን መሆኔን ነግሬያት ነበር፤ ሳልጠየቅ። «እንግዲያው አንተ የእኛው ሰው ነህ፤ ወረቀቱን አንተው ሙላልን» ብላ ሰጠችኝ። በዚያ ክፍል ስድስት ሕሙማን ነበሩ፤ አስታማሚዎቻቸው ሁሉ ሲስተር በገባች ቁጥር ከወለል ላይ ብድግ የሚሉ፣ ሲጠየቁ የሚደነግጡ የገጠር ሰዎች ነበሩ። እኔ እስክሪብቶ ያለኝ ነበርኩ። ያ እስክሪብቶ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ።

የኔታ ሐሙስ ማታ አንድ ኩባያ ውኃ ጠጡ። ከዚያ በኋላ ኩባያውን ደፍተው አስቀመጡት። አክፍሎት ይዘዋል። ከሐሙስ ማታ እስከ ትንሣኤ እህልም ውኃም አይቀምሱም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ዓመት እንኳ አጉድለው አያውቁም። ዓርብ ጠዋት በጠርሙስ ውኃ አቀረብኩላቸው።

«ዛሬ ማን እንደ ተጠማ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ኩላሊትዎ ይጎዳል፣ የኔታ።»

«ሆምጣጤ የሰጡትን ሰዎች ስም አታስጠራኝ። ወደዚያ አድርገው።»

ይህንን ያሉት በቁጣ አልነበረም። ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ? መልሱ ቀላል ነው፤ አንድ ጀማሪ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። ወደ ሲስተሯ ሄጄ «እንቢ ብለዋል፣ በደም ሥር ስጧቸው» ማለት ነበር። የኔታ በአፋቸው እስካልገባ ድረስ ለመርፌው ግድ አልነበራቸውም። እንዲያውም ሐሙስ የተሰካላቸው ግሉኮስ ዓርብ ጠዋት ሲያልቅ፣ መርፌው ከእጃቸው ተንሸራትቶ ወጥቶ ነበርና ሲስተሯ ራሷ ጠየቀችኝ።

«ሌላ ልሰካላቸው ወይስ በአፋቸው በደንብ እየጠጡ ነው?»

«እየጠጡ ነው» አልኩ።

ይኸው ነው። ያልኩት ይኸው ሁለት ቃል ነው። ለምን አልኩት? ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። ሲስተሯ «እነዚህ የገጠር ሰዎች አይሰሙም» ስትል ቀደም ብዬ ሰምቻት ነበር፤ ስለ አንድ የሲማዳ ገበሬ ነበር የተናገረችው። እኔ ከዚያ ገበሬ ጋር አንድ ላይ መቆጠር አልፈለግኩም። የእኔ ሰው የማይሰማ፣ እኔም የገዛ አጎቴን አንድ ኩባያ ውኃ ማጠጣት የማልችል ሆኜ መታየት አልፈለግኩም። ይህችን ለምታህል ነገር? አዎ፣ ለዚህችው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «እየጠጡ ነው» ካልኩ ጠርሙሱ መጉደል ነበረበት። ወደ መታጠቢያው ወስጄ ደፋሁት። ሞላሁት፤ ተመልሼ አስቀመጥኩት፤ ከሰዓት በኋላ ደግሜ ደፋሁት። ወረቀቱ ላይ ስንት ሊትር እንደ ጠጡ ጻፍኩ። ሽንታቸውንም ከልቤ አፍልቄ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው። ሲስተሯ አይታ «እንዳንተ ያለ አስታማሚ ቢበዛልን» አለች፤ እኔም አመሰገንኩ።

በዚያው ዓርብ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፍርሃት ያዘኝና ወደ በረንዳ ወጥቼ ለአባ ገብረ ሕይወት ደወልኩላቸው። የየኔታ የንስሐ አባት ናቸው፤ የእኔም፣ የእናቴም። ስግደት ላይ ውለው ድምፃቸው ደክሟል። ነገሩን ነገርኳቸው። ምንም አላመነቱም።

«ሕሙም ጾም የለበትም። ይጠጡ። አባትዎ ፈትቻለሁ ብለዋል፣ በቃሌ ይጠጡ ብለዋል ብለህ ንገራቸው። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ አባቴ።»

ሰምቼ ተመለስኩ። ሲስተሯ ከየኔታ አልጋ አጠገብ ቆማ ወረቀቴን እያየች ነበር። አሁን ቃሉን ብነግራቸው፣ የኔታ ጮክ ብለው «እንግዲያውስ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ አምጣ» ይላሉ፤ እሷም ትሰማለች፤ ወረቀቱም እጇ ላይ ነው። ትውጣና እነግራቸዋለሁ አልኩ። ወጣች። ያኔ ደግሞ፣ ቢጠጡ ነገ ለሌላ ሰው ያወሩታል አልኩ። አንድ ቀን ነው የቀረው፤ ስድሳ ዓመት የጾመ ሰውነት አንድ ቀን አያቅተውም አልኩ። የማልኩትን የሙያ መሐላ ረሳሁት አልላችሁም። አልረሳሁትም፤ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ቃሉ ተልኮልኝ፣ ሰውዬው አጠገቤ ተጠምቶ ተኝቶ፣ እኔ ዝም አልኩ።

እሑድ ጠዋት የኔታ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ብለው ውኃውን ከእጄ ተቀበሉ። ጠጡ፤ ወዲያው አስመለሳቸው። ፊታቸው አብጦ ነበር። ሽንት ከቅዳሜ ጀምሮ የለም። ደም ተወሰደ፤ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሟል። ዶክተሯ በበዓል ቀን ከቤቷ ተጠርታ መጣች፤ ወረቀቱን አንስታ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ውኃ በደንብ ጠጥተዋል» አለች፤ ለራሷ ነው የምታወራው። «ታዲያ ለምን? ቀለሙን አብዝቼው ይሆን?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። አሁን እንኳ ብናገር ለሕክምናው ይጠቅም ነበር፤ ለእሷም ጸጸቱ ይቀርላት ነበር። «አይዞሽ፣ ያጋጥማል» አልኳት። አጽናናኋት! ይህችን ስጽፍ እጄ ላይ ያለውን እስክሪብቶ መወርወር ያምረኛል።

የኔታ ኩላሊት እጥበት ገቡ። አንድ ወር ያህል በዚያ ቆየን። ኩላሊታቸው በከፊል ተመለሰላቸው፤ ጉልበታቸው ግን አልተመለሰም። በዚያ መካከል አባ ገብረ ሕይወት ደወሉ።

«ቃሌን አድርሰህላቸው ነበር?»

«አድርሼ ነበር አባቴ። እንቢ አሉ።»

«ከእኔ ቃል አለፉ በለኛ» አሉና ስልኩን ዘጉት። ሁለተኛው ውሸቴ ከመጀመሪያው ይከፋል። በመጀመሪያው የኔታን ውኃ ነሳኋቸው፤ በሁለተኛው ስማቸውን ወሰድኩባቸው። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። የእኔ ዝምታ ነቅዟል፤ እኔ አውቀዋለሁ።

አገር ቤት ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ልባቸው ውስጥ ሽቦ ሰደው አበላሿቸው ተባለ። ከአርብ ገበያ እስከ እስቴ ያልሰማው የለም። ዛሬም ደረቱን ለሚያመው ሰው ሪፈር ስጽፍ «የኔታን የገደለውን ነገር ነው?» ይለኛል። «አይደለም፣ እሱ ሌላ ነው» እላለሁ እንጂ ምን እንደ ገደላቸው አልነግረውም። ሳይሄዱ የቀሩ አሉ። ስማቸውን አውቀዋለሁ፤ ቤተ ሰቦቻቸው ሊያነቡት ስለሚችሉ ግን እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ። ጰራቅሊጦስ አልፎ የሰኔ ጾም ሲገባ፣ ቀኖና የማይሰጥበት የሃምሳው ቀን ዕረፍት ስላበቃ፣ አባ ገብረ ሕይወት የኔታን ሊጠይቁ መጡ። እኔም መድኃኒታቸውን አምጥቼ እዚያው ነበርኩ። ልውጣ ብል አባ በእጃቸው መለሱኝ። ሁለቱ አረጋውያን መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አባ አቀርቅረው ጀመሩ።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀርቶብኛል። ዓርብ ስቅለት ይጠጡ ብዬ ልኬብዎት ነበር። ፈትቻለሁ ብዬ። ይህ ልጅ ምስክሬ ነው። ያስተማሩን መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል ብለው አይደለም እንዴ? ስለ ምን ከቃሌ አለፉ?»

የኔታ ቀና ብለው አዩኝ።

ያን አስተያየት ልገልጸው አልችልም፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም። አንድ ተማሪ ዜማውን ሲስት የት ላይ እንደ ሳተ የሚፈልጉበት አስተያየት ነበር። ጠርሙሱን አስታወሱ መሰለኝ፤ እሳቸው ሳይነኩት እየጎደለ ይሞላ የነበረውን። እኔ ያበጠውን እግራቸውን አየሁ። እግራቸውን ብቻ አየሁ። «አልነገርኳቸውም» ማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አንዲት ቃል ናት። አፌ ውስጥ ነበረች።

«አዎ አባቴ» አሉ የኔታ። «አጥፍቻለሁ። ይፍቱኝ።»

ሐሰት ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አባ አዘኑ፤ ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው። የአርባ ቀን ቀኖና ሰጧቸው። ከቁርባን ይከልከሉ፤ በየቀኑ ዳዊት ይድገሙ፤ ስግደቱን ሰውነትዎ አይችለውምና ትቼልዎታለሁ አሉ። የኔታ ጎንበስ ብለው መስቀሉን ተሳለሙ። አባ ሲወጡ እስከ በር ሸኘኋቸው፤ «አደራ፣ ጠብቃቸው» አሉኝ። ተመለስኩ። አሁን ይጠይቁኛል፣ አሁን ይቆጡኛል ብዬ ቆምኩ። ቢቆጡኝ ምንኛ በወደድኩ ነበር።

«ውኃ አምጣልኝ» አሉ።

በጣሳ አመጣሁ። ክኒናቸውን አፋቸው ውስጥ አድርገው ጭልጥ አድርገው ጠጡና ባዶውን ጣሳ መለሱልኝ።

«ይኸው፣ ጠጣሁልህ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተነጋገርንም።

ከማኅሌት ይቅሩ ያላቸው አልነበረም፤ እሳቸው ግን ቀሩ። ቀኖና ላይ ያለ ሰው ከመቅደሱ ፊት ምን ይሠራል ብለው ደጀ ሰላሙ ላይ ይቀመጡ ጀመር። ክረምቱ ገብቷል፤ ጭቃ ነው፤ ዝናብ ነው። ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ዳዊታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ከውስጥ ተማሪዎቻቸው ሲያዜሙ ይሰማል። አንዱ ሲስት ከውጭ ሆነው በመቋሚያቸው መሬቱን ይመቱታል፤ ተማሪውም ሰምቶ ያርማል። ሰው ይገረም ነበር፤ እኚህ ሰው ምን አጥፍተው ነው ይል ነበር። እኔ በየሳምንቱ ከእስቴ እየመጣሁ እጎበኛቸው ነበር። ምን እንዳጠፉ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ምንም አላጠፉም። አንድ ቅዳሜ ጃንጥላውን ያዝኩላቸው። ያደረግኩላቸው ይኸው ነው፤ ጃንጥላ ያዝኩላቸው።

በሠላሳ ሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ዳዊታቸውን ሊደግሙ እንደ ተቀመጡ ዐረፉ። ሰው እስኪጠራ ድረስ አልቋል፤ ለቁርባን የሚሆን ጊዜ አልተገኘም።

በሠልስታቸው ቀን አባ ገብረ ሕይወት በሕዝቡ መካከል ቆመው፣ ቀኖናቸው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፣ ከዘመድ የሚፈጽምላቸው ማነው ብለው ጠየቁ። እኔ ተነሣሁ። «እሰይ! የእህት ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» አለ ሰው። እናቴ በኩራት አለቀሰች። አንድ ሽማግሌ ግንባሬን ሳመኝ። የሌላውን ሰው ቀኖና ተሸከመ ተብዬ ተመረቅኩ፤ ዛሬም ድረስ በደብራችን በዚያ ነገር እመሰገናለሁ። ከዚህ የሚከፋ ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ ውኃውን ከመድፋቴ ይከፋል፤ ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀብያለሁና።

ዘጠኝ ቀን በዚያው ደጀ ሰላም ተቀምጬ ዳዊት ደገምኩ። በተሰነጠቀ ቅል ድምፄ። ሲፈጸም አባ መስቀላቸውን አሳለሙኝና «እግዚአብሔር ይፍታቸው» አሉ። ይፍታቸው ነው ያሉት። እኔን የሚፈታ ቃል አልነበረበትም፤ ከየት ይመጣል?

ደክሞኝ ነበር፣ ወጣት ነበርኩ፣ የኔታም እንቢ ብለው ነበር ልላችሁ እችላለሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ምክንያት አይሆነኝም። ውኃውን ደፍቼዋለሁ። ቃሉን አላደረስኩም። በእኔ ጥፋት ሲጠየቁ ዝም ብያለሁ። የአርባው ቀን ቀኖና የእኔ ነበር፤ ዘጠኙን እኔ ፈጸምኩ፤ ሠላሳ አንዱን እሳቸው በዝናብ ተቀምጠው ፈጸሙልኝ።

አባ ገብረ ሕይወት በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው፤ ቁጥራቸውም ስልኬ ውስጥ አለ። ይህን ጽሑፍ ስጀምር፣ ስጨርስ እደውላለሁ ብዬ ነበር። ጨረስኩ። ስልኩ አጠገቤ ነው፤ ገና አልደወልኩም።